ሰው ያለው ወንበር

እኔ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት የማልችል ሰው ነኝ። ይህን አስቀድሜ ብናዘዝ ይሻላል፤ ከዚህ በታች የምነግራችሁ ጣጣ ሁሉ የመጣው ከዚህ ጉድለት ነውና። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ እንግሊዝኛ ተምሬያለሁ፤ በማዕረግ ተመርቄያለሁ፤ ስለ ዓረፍተ ነገር አወቃቀር ሠላሳ ሁለት ገጽ ጽፌ አስጠርዣለሁ። ሁለት ቃል ጮክ ብሎ መናገርን ግን ያስተማረኝ የለም። መውረጃዬ ሲቃረብ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ። ሾፌሩ ጉንፋን የያዘኝ ይመስለዋል። መኪናው ያልፋል። ከዚያ የተሳፋሪውን ፊት አንድ በአንድ እያየሁ የሚወርድ የሚመስለውን እፈልጋለሁ፤ የወረደ እንደሆነ ተከትዬው እወርዳለሁ፤ ካልወረደ እስከ መጨረሻው ሄጄ በእግሬ እመለሳለሁ። የአዲሱ ገበያን ጓሮ ለጓሮ መንገድ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ካለ እሱም እንደኔ ዓይን አፋር መሆን አለበት።

ስለዚህ የከተማው የቤት ኪራይ ገፍቶኝ ሱሉልታ ስገባ፣ ከውሃና ከመብራት በፊት ያጠያየቅሁት የወር ኮንትራት ሚኒባስ ነበር። በኮንትራት መኪና ማንም «ወራጅ አለ» አይልም። ሾፌሩ ኦቦ ለሚ እያንዳንዳችንን ከየት እንደሚያነሡና የት እንደሚያወርዱ ያውቃሉ። መንገድ ዳር ሲደርሱ ሁለት ጊዜ ክላክስ ያደርጋሉ፤ የሚሳፈረው ይገባል፤ በሩ ይዘጋል። የምንሠራው በየተለያየ መሥሪያ ቤት ነው፤ የሚያገናኘን የጧቱ ውርጭ ብቻ ነው። ዳገቱን ስንወጣ ከጎናችን የሚሮጡት አትሌቶች ቀድመውን ሲያልፉ ኦቦ ለሚ «እነሱ ነዳጅ አይቆጥቡም» ይላሉ። ሁልጊዜ ያንኑ ነው የሚሉት፤ ሁልጊዜም እንስቃለን።

የእኔ ቦታ ከሾፌሩ ጀርባ፣ መስኮቱ ጋ ነው። ከሥሩ ሞተር ስላለ ይሞቃል። ከጎኔ ያለው ወንበር የገመቹ ነው። ገመቹ ከእኔ በኋላ፣ ከሱሉልታ ወጣ ብሎ ካለው ድልድይ ጋ ስለሚሳፈር፣ እስከዚያ ድረስ ቦርሳዬን ወንበሩ ላይ አስቀምጥለታለሁ። የኮንትራት መኪና ወግ ነው። ቦርሳ፣ ፎጣ ወይም ጋዜጣ የተቀመጠበት ወንበር «ሰው አለው» ይባላል፤ ያንን አንሥቶ የሚቀመጥ ሰው ከእኛ መኪና ብቻ አይደለም፣ ከሱሉልታም የሚሰደድ ይመስለኛል።

ገመቹ ቀያሽ ነው። ከተማ ውስጥ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት መሬት ይለካል። ለሥራ ዕድገት የእንግሊዝኛ ፈተና ስለነበረበት፣ የትምህርት ቤት ደብተር ሳርም ያየኝ ቀን «ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ?» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጧት ጧት ከድልድዩ እስከ አዲሱ ገበያ አንድ ጥንድ ቃል እንማር ጀመር፤ የሚመሳሰሉ፣ ሰው የሚያምታታቸው ቃላት። ለአርባ ልጆች ክፍል ውስጥ ሳስተምር ድምፄ የሚንቀጠቀጠው እኔ፣ ለአንድ ሰው በሹክሹክታ ሳስተምር ሊቅ ነበርኩ።

አንድ ቀን «ሂር» እና «ሊስን» ነበሩ። በአማርኛ ሁለቱም መስማት ናቸው። ከኋላ ወንበር የሚቀመጡት፣ ወሬ የማያልቅባቸው እትዬ አስናቀች ሲያወሩ ሁላችንም «ሂር» እናደርጋለን፣ «ሊስን» የሚያደርጉት ግን ኦቦ ለሚ ብቻ ናቸው፣ መሪ ይዘው መተኛት አይችሉምና አልኩት። እስከ ከተማው መግቢያ ድረስ ትከሻው በሳቅ ሲንቀጠቀጥ ነበር። ሌላ ቀን በአማርኛ ሁለቱም ማየት የሆኑት «ሉክ» እና «ሲ» ደረሱ። እሱ ምሳሌ ሊሰጠኝ ፈለገ። «እኔ መሬቱን በመሣሪያዬ ‹ሉክ› አደርጋለሁ፤ አባቴ ‹ሲ› ያደርገዋል» አለ። ልክ ነው ልበለው ስህተት ነው ልበለው አላወቅሁም። አባቱ ገበሬ ናቸው። ቀድሞ ማታ ሲገባ «ዛሬ ምን ለካህ?» ይሉት ነበር። ከተማው ወደ ገበሬው መሬት ይሰፋል የሚለው የማስተር ፕላኑ ወሬ በየቤቱ ከገባ ወዲህ ግን መጠየቅ ትተዋል።

የመጨረሻው ጥንዳችን «ዌይት» እና «ኤክስፔክት» ነበር።

«ሁለቱም መጠበቅ ናቸው» አለ ገመቹ። «በእኛም በኦሮምኛ ኤጉ ነው፣ አንድ ቃል ነው። ፈረንጅ ምን ቸግሮት ለሁለት ከፈለው?»

«ዌይት» የሚባለው ቆመህ የምታደርገው ነው አልኩት። ብርዱ አለ፤ እግርህ ይደነዝዛል፤ የሚያይህ ሰው ሁሉ እየጠበቅህ መሆኑን ያውቃል። «ኤክስፔክት» ግን ሰው አያይብህም። ቁጭ ብለህ ደብተር እያረምክም… እዚህ ላይ መኪናው አዲሱ ገበያ ደረሰ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የመንገድ መጨናነቅ አማረኝ።

«ምሳሌውን ነገ» አልኩት።

«ነገ እንግዲህ» አለ። «ቀጠሮ ነው።»

ያን ምሽት ምሳሌ ስፈልግ ከደብተር አሥራ አንድ ወረቀት ቀደድኩ። በመጨረሻ አንድ ጥሩ ምሳሌ ወጣልኝ፦ ጧት ጧት መኪና «ዌይት» አደርጋለሁ፤ ድልድዩ ጋ ግን አንድ ሰው «ኤክስፔክት» አደርጋለሁ። ጽፌ ሳነበው ፊቴ ጋለ። «አንድ ሰው» የሚለውን ሰርዤ «ዝናብ» አልኩት። በታኅሣሥ ምን ዝናብ አለ? አንድ ሰው ብዬ መለስኩትና ወረቀቱን አጥፌ መጽሐፌ ውስጥ ከተትሁት።

በነጋታው በፕላኑ ተቃውሞ መንገዱ ተዘጋ። ድንጋይ ተደረደረ፤ ጎማ ተቃጠለ፤ ኢንተርኔት ጠፋ። ኦቦ ለሚ መኪናቸውን ግቢያቸው ውስጥ በሸራ ሸፈኑ። ትምህርት ቤቱም ተዘጋ። ቤት ተቀምጬ ከሩቅ የሚሰማውን ተኩስ በር ነው፣ ቆርቆሮ ነው እያልኩ ለራሴ ስተረጉም ዘጠኝ ቀን አለፈ። የገመቹን ስልክ አልያዝኩም። ስንት ጥንድ ቃል ያስተማርኩትን ሰው ስልክ ቁጥር አልጠየቅሁም። ደግሞስ ምን ብዬ?

በአሥረኛው ቀን መኪናው ተነሣ። ቦርሳዬን እንደ ወትሮው ወንበሩ ላይ አስቀመጥሁ። ድልድዩ ጋ ወታደሮች ቆመዋል፤ ወርደን ተፈትሸን ገባን። ኦቦ ለሚ ሁለት ጊዜ ክላክስ አደረጉ። ከወታደሮቹ በቀር ድልድዩ ጋ ሰው አልነበረም። ትንሽ ቆዩ፤ ከዚያ ማርሽ አስገቡ። ወንበሩ እስከ አዲሱ ገበያ ቦርሳዬን ይዞ ሄደ።

አሁን ስለ እትዬ አስናቀች መናገር አለብኝ። እትዬ አስናቀች በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ክፍል ኃላፊ ናቸው፤ ሰፊ ሰው ናቸው፤ ልባቸውም እንደዚያው ነው። ኮንትራቱን የተቀላቀሉት በመጨረሻ ስለሆነ የደረሳቸው የኋላው ወንበር ነው፤ እዚያ ደግሞ የኋላው በር በደንብ ስለማይገጥም የሱሉልታ ብርድ በቀጥታ ጉልበታቸው ላይ ነው የሚያርፈው። በሦስተኛው ቀን «ልጄ፣ ይህ ወንበር ባዶውን ለምን ይሞቃል?» አሉ።

«ሰው አለው» አልኩ።

የት ሄደ አሉ። አላውቅም ማለት ነበረብኝ። ነገር ግን መኪናችን ሕግ አለው፦ ያለ ምክንያት ሁለት ሳምንት የቀረ ሰው ቦታው ለሌላ ይሰጣል፤ የታመመ ሰው ቦታ ግን አይነካም። ይህን ሳስብ አፌ ቀደመኝ።

«አሞታል» አልኩ።

ውሸት እንደ ጥጃ ነው፤ ከተወለደ በኋላ ማደጉን የሚከለክለው የለም። በማግሥቱ ምኑን አመመው ተባልኩ። ወገቡን አልኩ። ከኋላ አንድ ሰው ወገብ ከሆነ በሳምንት ይሻለዋል ሲል ሰማሁና ደነገጥሁ፤ ሳምንት አይበቃኝም። በማግሥቱ ታይፎይድም ተገኝቶበታል አልኩ። ከዚያ ወዲህ መኪናው ክሊኒክ ሆነ። አንዱ ዳማከሴ አለ፣ አንዷ ነጭ ሽንኩርት በማር አለች፣ ሌላው የራሱን ታይፎይድ ታሪክ ከድል በር ጀምሮ እስከ መውረጃው ተረከልን። እትዬ አስናቀች የፀበል ጠርሙስ አምጥተው አስረከቡኝ። ጧት ስገባ ሁሉም «እንዴት አደረ?» ይለኛል። እኔም በቁም ነገር «ትናንት ትንሽ እህል ቀመሰ» እላለሁ። የሚገርማችሁ ይህን ስል ደስ ይለኝ ነበር። በሕልሜም ቢሆን በልቶልኛል።

ዓርብ ዕለት እትዬ አስናቀች ከኋላ ሆነው አወጁ፦ ሰው ታሞ እያለ ጧት ጧት በደጁ አልፎ መሄድ ነውር ነው፤ ነገ ቅዳሜ ሥራ ግማሽ ቀን ነው፤ ስንመለስ ሁላችንም ወርደን እንጠይቀው። ብርቱካኑን እሳቸው ይገዛሉ።

ታይፎይድ ይተላለፋል አልኩ። እሳቸው ስንት ታይፎይድ እንዳሳለፉ ነገሩኝ። ሰው አይወድም አልኩ። የታመመ ሰው መውደድ አለመውደዱን አይጠየቅም አሉ። ቤቱን ታውቂዋለሽ ወይ ሲሉኝ «አዎ» አልኩ። እዚህ ላይ አትፍረዱብኝ። እውነቱን ለመናገር ድምፅ ያስፈልጋል፤ «አዎ» ለማለት ግን ራስ መነቅነቅ ይበቃል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ድልድዩ ጋ ወረድን። ኦቦ ለሚ መኪናውን ቆለፉና እሳቸውም መጡ። ከአስፋልቱ ወደ ግራ የምትገባ አንዲት የእግር መንገድ አየሁ፤ ሰው የሚሄድበት ስለመሰለኝ ገባሁባት። እነሱም በአንድ መስመር ተከተሉኝ። ገብሱ ታጭዷል፤ ቄጠማውን የቢሮ ጫማ ተጫምቶ ማቋረጥ ቀላል አይደለም። አንድ ባሕር ዛፍ ዞርን። ጥቂት ሄደን ያንኑ ባሕር ዛፍ እንደገና ዞርን። እትዬ አስናቀች ብርቱካኑን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እያዘዋወሩ «ይህ ልጅ በየቀኑ ይህን መንገድ እየሄደ ነው የታመመው፤ እኔ ገና አሁን ገባኝ» አሉ።

ራሳችንን ከውጭ አላየንም ነበር። አሥር የቢሮ ሰዎች፣ አንዱ ጥቁር ማኅደር በብብቱ ይዟል፤ ሌላው ከመሥሪያ ቤቱ የታደለውን የፈረንጆች አዲስ ዓመት ካላንደር እንደተጠቀለለ ይዟል። በዚያ ሰሞን፣ በዚያ ማሳ ላይ፣ እንደዚያ ሆኖ በአንድ መስመር የሚሄድና አንድን ዛፍ ሁለት ጊዜ የሚዞር ሰው ቀያሽ ቢመስለው ገበሬ ይፈረድበታል? ከአውድማው ሰዎች ወጡ። ሴቶችም ወጡ። ዱላ የያዙ ሽማግሌ ከፊት ሆነው መንገዱ ላይ ቆሙ፤ የካላንደሩን ጥቅል በዱላቸው እያሳዩ ተናገሩ።

«ፕላኑን ይዛችሁ መጣችሁ?»

ማንም አልሳቀም። ባለ ካላንደሩ ጥቅሉን ዘረጋው። የፏፏቴ ሥዕል ነው፤ ከሥሩ ቀኖች አሉ። ሽማግሌው ጠጋ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ይህ የማን መሬት ነው?» አሉ።

ኦቦ ለሚ ባርኔጣቸውን አወለቁና «አካም ኦልታን» ብለው ሰላምታ ሰጡ፤ በኦሮምኛም ረዘም አድርገው አስረዱ። መሬት ልንለካ እንዳልመጣን፣ ካላንደር መሆኑን፣ የታመመ ሰው ልንጠይቅ መምጣታችንን። ሽማግሌው የታመመው ማን ነው አሉ። ገመቹ የሚባል ልጅ ነው አሉ ኦቦ ለሚ። ሽማግሌው ወደ አማርኛ ተመለሱ።

«ገመቹ የእኔ ልጅ ነው። አልታመመም።»

ከዚያም ዙሪያችንን አይተው «ታሟል ያለው ማን ነው?» አሉ።

ዘጠኝ ሰው ወደ እኔ ዞረ። አፌን ከፈትሁ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ታክሲ ውስጥ የሚገጥመኝ ያው ነገር ነው፤ መውረጃዬ ደርሷል፣ ድምፅ ግን የለም።

«እኛ ነን አባቴ» አሉ እትዬ አስናቀች። «ሰው ድንገት ሲቀርብን ታሞ ነው እንላለን። ሌላውን ማሰብ ይከፋል።»

ሽማግሌው እትዬ አስናቀችን አዩ፤ ብርቱካኑን አዩ። ከዚያ ዱላቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛውረው ሁላችንንም በየተራ ጨበጡን።

ድርቆሽ ላይ አስቀመጡንና ወተት ተቀዳልን፤ ኩባያው አራት ስለነበር በየተራ ጠጣን። ልጃቸውን ከጫንጮ ማዶ አጎቱ ዘንድ እንደላኩት ነገሩን። ልጅ ያለው ሁሉ ልጁን ከመንገድ ዳር አርቋል አሉ። የእሳቸው ልጅ ደግሞ ጣጣው ሁለት ነው። «እዚህ ከሚለኩት ጋር ነው ይሉታል» አሉ፤ «እዚያ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ መንገድ ከሚዘጉት ጋር ነው ይሉታል። በየት በኩል ይቁም?» እኔ ልጠይቀው የማልችለውን እትዬ አስናቀች ጠየቁልኝ፤ መቼ ይመጣል አሉ። ነገሩ ሲረጋጋ አሉ ሽማግሌው፤ መቼ እንደሚረጋጋ ግን ከእኛ የሚሰሙ ይመስል ዓይን ዓይናችንን ያዩ ነበር።

ብርቱካኑን ሰኞ በሚሄድ ሰው እልክለታለሁ አሉ። ያኔ ፌስታሉን ልቋጥር ብዬ ተቀበልሁና ያችን ምሳሌው የተጻፈባትን የታጠፈች ወረቀት ከመጽሐፌ አውጥቼ በብርቱካኖቹ መሀል አስገባኋት። እስከ ዛሬ ከሠራሁት ድፍረት ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ እጄ ሠራው እንጂ እኔ አልነበርኩበትም።

ስንመለስ እትዬ አስናቀች ክንዴን ተደግፈው ይሄዱ ነበር። ያ ባሕር ዛፍ ጋ ስንደርስ ቆሙ።

«ቆይ» አሉ፣ «ታይፎይድ ያልሽው ለምንድን ነው? ቀለል ያለ በሽታ አጣሽ?»

ይቅርታ አልኩ። ይልቅ ረጋ ብለሽ ሂጂ፣ ጉልበቴን አትጨርሽው አሉኝ።

ሰኞ ሁለቱ ሳምንት ሞላ። ኮንትራቱን አዲስ የተቀላቀለ ወፍራም ካፖርት የለበሰ ሰው ገብቶ ወደ ቦርሳዬ እጁን ዘረጋ። እኔ ገና ጉሮሮዬን ስጠርግ ከኋላ ድምፅ መጣ።

«ሰው አለው» አሉ እትዬ አስናቀች።

ሰውየው ታሟል ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ሕጉን ነግረውታል ማለት ነው።

«አልታመመም» አሉ። «ሰው ግን አለው። ና እዚህ ከእኔ ጎን፤ ንፋሱን ትከልልልኛለህ።»

በዚህ መልክ ጥር አለፈ። የካቲት ሲገባ አንድ ጧት ድልድዩ ጋ ሰው ቆሞ አየን። ልቤ ወደ መስኮቱ ዘለለ። የገመቹ አባት ነበሩ። ፌስታሉን ይዘዋል፤ ያው የብርቱካኑ ፌስታል ነው፤ ባዶ ዕቃ አይመለስምና አሥር እንቁላል በጭድ ተደርጎበታል። ቲቸር የምትባለው ማናት አሉ። መኪናው በሙሉ ወደ እኔ ጠቆመ።

«ልጄ መልእክት ልኮልሻል» አሉ በመስኮቱ ፌስታሉን እየሰጡኝ። «‹አንዱ ገብቶኛል፣ አንዱ ይቀረኛል› በላት አለኝ። ምን እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ እንዳለኝ ነው የምነግርሽ።»

እግዜር ይስጥልኝ አልኩ። ከኋላችን የጭነት መኪና ጥሩምባውን ነፋ፤ ኦቦ ለሚ ተንቀሳቀሱ። ሽማግሌው ከኋላችን እየራቁ ሄዱ። የትኛው ነው የገባው? የትኛው ነው የቀረው? ይህን ሳልጠይቅ እስከ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያም እስከ ማታ፣ ከዚያም እስከ መቼ እንደምቀመጥ ታየኝ።

«ወራጅ አለ!»

ማን እንደጮኸ ለማየት እኔም ዞር አልኩ። ኦቦ ለሚ እንደዚያ ፍሬን ይዘው አያውቁም፤ ሁለት እንቁላል የተሰበረው ያኔ ነው። ወረድሁ፤ ሮጥሁ። ሽማግሌው ቆመው ጠበቁኝ።

«የትኛው ነው የገባው?» አልኩ እያለከለክሁ። «የትኛውን ነው ያለው አባባ?»

አሰቡ። አገጫቸውን በዱላቸው ራስ ላይ አሳረፉ።

«አልነገረኝም» አሉ። «ሲነግረኝ ግን ይስቅ ነበር።»

ስመለስ እትዬ አስናቀች እንኳ ምን ነበር አላሉኝም፤ ለእሳቸው ይህ ከጾም ይቆጠራል። ቦርሳዬ ከወንበሩ ላይ አልተነካም።

አሁንም ጧት ጧት ኦቦ ለሚ ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ሁለት ጊዜ ክላክስ ያደርጋሉ። እኔም ቦርሳዬን ከወንበሩ ላይ አንሥቼ ጭኔ ላይ አደርጋለሁ፤ ሰው ሲገባ እንደሚደረገው። በሩ ይከፈታል። ብርድ ይገባል። በሩ ይዘጋል። ቦርሳውን ግን ወዲያው አልመልሰውም፤ ዳገቱ እስኪጀምር ድረስ ጭኔ ላይ ይቆያል።